የዝማሬ እህት

ሆሳዕና፣ መስከረም 27 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ኤልዳድ፣

የጌታ ሰላም ከአንተና ከኬብሮን ጋር ይሁን። ሹፌሩ አብዶ ድንቹን ላፍቶ አትክልት ገበያ አራግፎ ሲመለስ ሰላምታህን አድርሶልኛል። አባባ እንዴት ነው ብለህ ለጠየቅከው፣ ደህና ነው። ይበላል፣ ጸሎት አያስቀርም፣ ጠዋት ጠዋት እንሰቱ መሃል ገብቶ ቆሞ ይቆያል። ከሐምሌው ለቅሶ ወዲህ ግን መድረክ ላይ አልወጣም። ሰዎች «ወንጌላዊ ሉቃስ መቼ ነው የሚሰብኩልን?» ሲሉኝ ጉሮሮውን አሞታል እላለሁ።

ስልክ እንደማታነሳ አውቃለሁ። አልተቀየምኩህም። ደብዳቤ ስለማይጮህ በደብዳቤ ልሞክርህ ብዬ ነው። አብዶ በየሁለት ሳምንቱ ስለሚመላለስ መልስህን ለእሱ ስጠው።

ሌላም ጉዳይ አለኝ። የእንግሊዝኛ መምህራችን ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረና ርዕሰ መምህሩ ስድስተኛ ክፍልን ለእኔ ሰጠኝ። የባዮሎጂ ሰው መሆኔን ብነግረው «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ትችያለሽ» አለኝ። አሁን የደረስነው የእገሌ ነው፣ የእገሊት ነው የሚባለው ምዕራፍ ላይ ነው። ያቺ ከላይ የምትንጠለጠለው ጭረት፣ አፖስትሮፊዋ፣ መቼ ከኤስ በፊት፣ መቼ ከኤስ በኋላ እንደምትገባ አላውቅም። ድሮ እንዲህ ሲቸግረኝ እህቴ ዝማሬ ጋ እደውል ነበር። ስልኩን ለአንተ ትሰጥህና ከኋላ ሆና ትስቅብኛለች። እስቲ አስረዳኝ።

ኬብሮንን ሳምልኝ። አንተ ስታስተምር ማን ጋ ነው የምትውለው?

እህትህ ቤተልሄም

—

ላፍቶ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ ቤቲ፣

እንደምን አለሽ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስልክ ባለማንሳቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሲጮህ አየዋለሁ። ስምሽን አነባለሁ። ከዚያ ይቆማል። ሌላ ምክንያት የለውም።

ጥያቄሽ ቀላል ነው። ባለቤቱ አንድ ከሆነ ስሙን ትጽፊያለሽ፣ ጭረቷን ታስቀምጫለሽ፣ ከዚያ ኤስ ታስከትያለሽ። «የመምህሩ እስክሪብቶ» the teacher's pen ይሆናል። በአማርኛ «የ» ከፊት ነው የምትመጣው። ሰውየው ገና ሳይጠራ አንድ ነገር እንዳለው እናውቃለን። በእንግሊዝኛ ግን መጀመሪያ ሰውየው ይጠራል፣ የእሱ መሆኑ የሚታወቀው በኋላ ነው። ልጆቹን የሚያደናግራቸው ይሄ ነው፤ ቀስ ብለሽ አስረጃቸው። ሌላ ምሳሌ፦ Zimare's bag። ይህን ሳላስብ ነው የጻፍኩት። ልሰርዘው አልኩና ተውኩት። ሰዋስዉ ትክክል ነው።

ትምህርት ጀምረናል። ጠዋት ከላፍቶ በታክሲ ጎፋ እሄዳለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። ኬብሮን ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ፣ የሚያመኝ ነገር የለም።

ኤልዳድ

—

ሆሳዕና፣ ጥቅምት 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ኤልዳድ፣

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልክ አንተ እንዳልከው አስተማርኩ፣ ገባቸው። አሁን ደግሞ ጭረቷን ያላስገቡበት ቦታ የለም። ብዙ ውሾች ለማለት dog's ይላሉ። አንዱ ልጅ የአባቱ ሱቅ በር ላይ «ድንች አለን» የሚለውን በእንግሊዝኛ ጽፎ፣ potatoes ውስጥም ከቷታል። አባትየው ኮርቶበታል፤ እንዴት ብዬ ስህተት ነው ልበለው? ስለ ብዙ ቁጥር ንገረኝ። ደግሞ የአባባን ስም ሰሌዳ ላይ ጻፍኩና መጨረሻው ኤስ ሆኖ እጄ ቆመ። ሉቃስ ላይ ሌላ ኤስ ይጨመራል?

ኬብሮን ማን ጋ እንደምትውል ጠይቄህ ነበር። አልመለስክልኝም። ለገና አምጣት ብዬ ከወር በፊት በአብዶ ልኬብህም ዝም አልከኝ። አንተን አልጫንህም፤ እኔ ግን የእናቷ እህት ነኝና መጠየቄን አልተውም።

አጎቴ ሙሴ ሰሞኑን አዲስ አበባ ደርሶ መጥቷል። አግኝቶህ ነበር? ከተመለሰ ጀምሮ ደስ ደስ ብሎታል። ማታ ማታ ከአባባ ጋር በር ዘግተው ያወራሉ። ሻይ ይዤ ስገባ ወሬውን ወደ ዝናብ ያዞሩታል።

ቤተልሄም

—

ላፍቶ፣ ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ ቤቲ፣

በመጀመሪያ ለልጁ አባት ምንም አትበይው። ለልጁ ግን ጭረቷ ብዙ ቁጥር እንደማትሠራ ንገሪው። ድንቹ ብዙ ስለሆነ አፖስትሮፊ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ድንቹ ራሱ የሆነ ነገር ሲኖረው ነው። ባለቤቶቹ ብዙ ሆነው ቃሉ በኤስ ካለቀ፣ ሌላ ኤስ ሳትጨምሪ ጭረቷን ብቻ ከኋላ ታደርጊያለሽ፦ the girls' room። ብዙ ቁጥሩ በኤስ ካላለቀ እንደ ነጠላው ነው፦ the children's mother። የአባባን ስም Lukas's ብለሽ ብትጽፊም፣ Lukas' ብለሽ ብትተዪውም ያስኬዳል። መጻሕፍቱ አይስማሙም። አንዱን ምረጪና እሱኑ ያዢ።

ሙሴ መጥቶ ነበር። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝና ካፌ ገባን። ብዙ አወራ። «ልጅቷ እንጀራ እናት ማየት የለባትም» አለ። «የእናቷ እህት ከሁሉም ትቀርባታለች» አለ። ያንቺን ስም ጠራ፤ እንዳገባሽ ነው። እኔ ማኪያቶውን እያየሁ ነበር። ዝም አልኩ። ከዚያ ተነስቶ ጨበጠኝ፣ አቀፈኝም፣ ሄደ።

ኬብሮን ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ እማማ ኦብሴ ጋ ናት። ለቀስተኛ ሲያስተናግዱ አይተሻቸዋል፣ ወተት የሚያመጡልን ሴትዮ ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ እርሻ እያለ ጀምሮ እዚያው ናቸው፤ አሁን የቀራቸው ግቢውና ላሞቹ ናቸው። ኬብሮን የምትውለው ብቻ ሳይሆን የምታድረውም እሳቸው ጋ ነው። ማታ እሄዳለሁ፣ አያታለሁ፣ ወደ ቤቴ እወጣለሁ። ሳያት የሚሰማኝ ነገር የለም፣ ቤቲ። ክፉም ደግም። ለእሷ ጥሩ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ማወቅ ግን ሌላ ነው።

ለገና አምጣት ላልሽው ደግሞ፣ የማልመልስልሽ በዚህ ምክንያት ነው። ኬብሮን እናቷ መሞቷን አታውቅም። በቀብሩ ማግስት አንዷ ጎረቤት «እናትሽ ሆሳዕና አያትሽ ጋ ሄዳለች» አለቻት። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ። አላረምኩም። ከዚያ ወዲህ ሆሳዕና የሚል ቃል በሰማች ቁጥር ጫማዋን ይዛ ትመጣለች። እዚያ ባመጣት የት ትፈልጋታለች?

ኤልዳድ

—

ሆሳዕና፣ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኤልዳድ፣

ስለ ኬብሮን የጻፍከውን አንብቤ ክፍል ሳልገባ ቀረሁ። ልጆቹን አንብቡ ብዬ ቢሮ ተቀመጥኩ። አሁን ስለዚያ ምንም አልልህም፤ ካልኩህ የማይሆን ነገር ይወጣኛል።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ ማወቅ አለብህ። አጎቴ ሙሴ እዚህ መጥቶ «ኤልዳድ እሺ ብሏል» ነው ያለው። ለአባባ ብቻ አይደለም፣ ለሽማግሌዎቹም። «አቅፌው ነው የመጣሁት» እያለ ነው። በገና ማግስት ሰው ይጠራል ተብሏል። የአጎቴ ሚስት ቀሚስ ልታሰፋልኝ ልኬቴን ወስዳለች። ለምን እንደሆነ ሳትነግረኝ ነው የለካችኝ፤ እኔም አልጠየቅኳትም። አባባ ከሐምሌ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለፈው እሑድ ሰበከ። እግዚአብሔር ያጎደለውን ይሞላል እያለ ሰበከ። ሰው አለቀሰ። እኔ ኳየር ውስጥ ቆሜ አየው ነበር።

እሺ ብለሃል?

መጽሐፉ ላይ አሁን የደረስነው፣ ሁለት ሰዎች አንድ ነገር ሲኖራቸው የሚለው ጋ ነው። ጭረቷ ማን ላይ ነው የምትገባው?

ቤተልሄም

—

ላፍቶ፣ ኅዳር 26 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ ቤቲ፣

እሺ አላልኩም። እንቢም አላልኩም። ሰውየው ሲያወራ ድምፁ ይሰማኛል፣ የሚለው ግን ለእኔ የሚባል አልመሰለኝም። ይቅርታ ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ። ይቅርታ።

አንድ ነገር የሁለቱም በጋራ ከሆነ ጭረቷ የመጨረሻው ስም ላይ ብቻ ትገባለች፦ Eldad and Zimare's daughter። ልጅቷ አንድ ናት፣ ሁለቱም ይጋሯታል። ለየብቻ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ስም የራሱን ይይዛል፦ Zimare's and Bethlehem's dresses። የእሷ የእሷ ነው፣ ያንቺ ያንቺ ነው።

ሐሙስ ዕለት ይህንኑ እያስተማርኩ አንዲት ተማሪ እጇን አነሳች። «ቲቸር፣ ሰውየው ከሞተስ? ያኔም ቦርሳው የሱ ነው ይባላል?» አለችኝ። ጥቂቶቹ ሳቁ። ከዚያ አንዷ ጎኗ ያለችውን ጎሸመቻትና ሁሉም ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ። ያውቃሉ ማለት ነው። «ይባላል» አልኳት። «እስከ መቼ?» አለች። ደወል እስኪደወል ሰሌዳውን አጠፋሁ። ሰሌዳው ላይ የቀረ ጽሑፍ አልነበረም።

አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ? እስካሁን አልነገርሽኝም። እኔም አልጠየቅሁሽም። የአባባ ደስታ የሚበልጥብሽ ከሆነ ንገሪኝ። እኔ እንደሆንኩ ወዲያም ወዲህም ቢሆን ልዩነቱ አይታየኝም።

ኤልዳድ

—

ሆሳዕና፣ ታኅሣሥ 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ኤልዳድ፣

ልዩነቱ አይታየኝም ላልከው፣ ለእኔ ይታየኛል።

አልፈልግም። አንተን ስለምጠላህ አይደለም፣ ታውቃለህ። ዝማሬ ታላቄ ናት። እናታችን ካለፈች ጀምሮ የለበስኩት የእሷን ልብስ ነው፣ የተማርኩት በእሷ መጽሐፍ ነው፣ ኳየር የገባሁት እሷ አግብታ ቦታዋ ክፍት ሲሆን ነው። ያኔ አልከፋኝም። ነገር ግን ባሏን፣ አልጋዋን፣ የሰርግ ፎቶዋ የተሰቀለበትን ግድግዳ አልረከብም። ኬብሮንንም እወዳታለሁ፣ እንደ አክስቷ። ማታ ስትተኛ «እማዬ» ብላ ብትጠራኝ አቤት ልላት ነው?

ይህን ለአባባ ልነግረው ሦስቴ በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ብቻዬን ብናገር «ኤልዳድ እሺ ብሎ አንቺ እንቢ?» ነው የሚሉኝ። የአንተ ዝምታ እዚህ የአንተ ብቻ አይደለም፤ እኔም እየከፈልኩበት ነው። ዝም ካልክ ሁለታችንንም ይድሩናል።

ከገና በፊት ባለው እሑድ ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ይሰበሰባሉ። ና። ኬብሮንንም ይዘሃት ና። እናቷን የት እንደምትፈልጋት ጠይቀኸኛል። አላውቅም። እኔም እዚህ በየክፍሉ እፈልጋታለሁ።

ስለ እንግሊዝኛ ዛሬ ጥያቄ የለኝም።

ቤተልሄም

—

ሆሳዕና፣ ጥር 4 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ኤልዳድ፣

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ። ያን እሑድ ምን እንዳልክ እንደማታስታውስና እንድጽፍልህ እንደምትፈልግ አብዶ ነገረኝ። መጀመሪያ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር። ይኸው እንዳየሁት እጽፍልሃለሁ።

ስትገቡ ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠዋል። ኬብሮን እጅህን ለቃ ሮጠች። ጓዳ ገባች። የአባባን ክፍል አየች። የእኔ አልጋ ሥር ጎንበስ ብላ አየች። ምን እንደምትፈልግ ከእኔና ከአንተ በቀር ያወቀ የለም። ተመልሳ ሳሎኑ መሃል ቆመችና «እማዬ የታለች?» አለች።

ያኔ አጎቴ ሙሴ ሳቅ ብሎ እጄን ያዘና «ይቻትና እናትሽ!» አላት።

ኬብሮን ቀና ብላ አየችኝ። «ይቺማ ቤቲ ናት» አለች።

አንተ በሩ ጋ ነበርክ፣ ቁጭ በል ያለህም አልነበረም። መጥተህ ፊቷ በርከክ አልክ። «ኬብሮን፣ እናትሽ እዚህ የለችም። ሞታለች። ሆሳዕና ሄዳለች ሲሉሽ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ ዝም አልኩ» አልካት።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«አትመጣም።»

«ነገስ?»

«ነገም።»

ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን አወለቀች። እዚያ ላይ አባባ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

ከዚያ ተነስተህ ለሽማግሌዎቹ ተናገርክ። ድምፅህ ከፍ አላለም፤ ክፍል ውስጥ ስም እንደምትጠራ ዓይነት ነበር። «ቤተልሄም የዝማሬ እህት ናት። ለእኔም እህቴ ናት። አላገባትም። ጋሽ ሙሴ ሲጠይቀኝ ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም። ያኔ ማንም ምንም ቢለኝ ዝም እል ነበር» አልክ። አጎቴ «እንግዲያው ልጅቷ እዚህ ትቅር» ሲል «ልጄ ከእኔ ጋር ትሄዳለች» አልክ። ያልከው ይኼው ነው፤ ሌላ የለም።

እኔም «አልፈልግም» ብያለሁ። ድምፄ ቀጥኖ ስለነበር ማን እንደሰማኝ እንጃ። አጎቴ ሙሴ «ደጃችሁን አልረግጥም» ብሎ ወጣ፣ እስካሁንም አልረገጠም። የተሰፋው ቀሚስ ሣጥን ውስጥ ነው። አባባ ከእናንተ መሄድ ወዲህ አላናገረኝም። ምግብ ሳቀርብለት «ተባረኪ» ይላል፣ እሱንም ሳያየኝ። አጥፍተን ይሆን?

ልጆቹ የተፈተኑበትን ወረቀት አርሜ ጨርሻለሁ። አብዛኞቹ ጭረቷን ቦታዋ ላይ አስገብተዋታል።

ቤተልሄም

—

ላፍቶ፣ ጥር 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህቴ ቤቲ፣

እንኳን አብሮ አደረሰን። አላጠፋሽም። ዘግይቼም ቢሆን ልበልሽ፤ ቀድሜ መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ስንመለስ ኬብሮንን የአብዶ መኪና ውስጥ አስመለሳት። ሸሚዜ ላይ፣ ሱሪዬ ላይ፣ የአብዶ ወንበር ላይ። ተናደድኩ። «ቀድመሽ አትናገሪም!» ብዬ ጮህኩባት። አለቀሰች። አብዶ መኪናውን ዳር አስያዘና «ኧረ ጋሼ፣ ሕፃን ናት!» አለኝ። በጄሪካን ውኃ አጠብኳት። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደተናደድኩ ላሰላው ብዬ አቃተኝ። ይቅርታ ጠየቅኳት። «ጃኬትህም ሸቷል» አለችኝ።

አሁን ቤት ነው የምታድረው። እማማ ኦብሴ ልብሷን አጥፈው በፌስታል ይዘውልኝ መጡና «ቀን ቀን አምጣት፣ ማታ ግን ያንተ ናት» አሉኝ። ፀጉሯን መሥራት አልችልም፤ በአንድ በኩል አስሬ እልካታለሁ፣ እሳቸው ፈትተው እንደገና ይሠሩታል። ታክሲ ውስጥ ለማታውቀው ሰው ሁሉ «እናቴ ሞታለች» ትላለች። ሳታለቅስ ነው የምትለው፣ ስሟን እንደምትናገር። ትናንት ረዳቱ «ጎፋ፣ ጎፋ» እያለ ነገረችውና መጣራቱን አቆመ። መስማት ይከብደኛል። ግን ይሰማኛል።

ዛሬ የምጠይቅ እኔ ነኝ። ቅዳሜ ኬብሮን «እማዬ ትንሽ እያለች ምን ትወድ ነበር?» አለችኝ። ሽሮ እየበላን ነበር። ስለ ሥራዋ አውቃለሁ፣ ስለ ሕመሟ አውቃለሁ፣ ምን ስታደርግ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ልጅ እያለች ስለነበረችው ዝማሬ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ለልጅቷ «አክስትሽን እጠይቅልሻለሁ» አልኳት። ጻፊልን።

ኤልዳድ

—

ሆሳዕና፣ የካቲት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኬብሮን (አባትሽ ያነብልሻል)፣

ኬብሮንዬ፣ እንዴት ነሽ? አባትሽ ፀጉርሽን ሲሠራ አትንቀሳቀሺበት፤ ይለምዳል።

እናትሽ ትንሽ እያለች ምን ትወድ እንደነበር ጠይቀሻል። እኔ ከእሷ ስለማንስ ሁሉን አላየሁም። ስለዚህ ትናንት ደብዳቤውን ይዤ አያትሽ ጋ ገባሁና ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ከዚያ «ቁጭ በይ» አለኝ። አንዳንዴ አያቶች እንደዚህ ነው የሚጀምሩት።

እናትሽ ጩኸት ትወድ ነበር አለ። የቆርቆሮ ላይ ዝናብ፣ የወፍጮ ቤት ሞተር፣ የዳክዬ ጩኸት። አንቺን ስታክል ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን መድረክ ላይ ወጣች። መዝሙሩን ለሳምንት አጥንታዋለች። ሕዝቡን ስታይ ግን ከነዜማው ጠፋባት። ወርዳ አልሮጠችም። ዙሪያዋን አየችና በዓይኗ የገባውን ሁሉ መዘመር ጀመረች፦ ወንበር፣ መስኮት፣ የእማማ እገሊት ጃንጥላ፣ የአባቴ መላጣ! ሕዝቡ በእያንዳንዱ «አሜን!» ይላል። መላጣው ላይ ስትደርስ የቤቱ አሜን እስከ መንገድ ተሰማ።

አያትሽ ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነበር። ስቆ ስቆ ጋቢው ከትከሻው ወደቀ። ከዚያ አልቅሶም ነበር፤ እኔም አለቀስኩ፣ አጠገቡ ቁጭ ብዬ። ምሳ አልሠራንም፣ ማንም አልራበውም። ከሰዓት በኋላ ስሜን ጠርቶ «ሌላም አለ፣ ነገ ደግሞ እነግርሻለሁ፣ ጻፊላት» አለኝ።

አክስትሽ ቤቲ